ትርጉም በማይመጣበት መድረክ ላይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ደብዳቤዎችን ሰብስበን ለማቅረብ መርጠናል። ጉዳዩ አብሰርድ ወይም የወለፈንድ ቴአትር እየተባለ የሚጠራው የተውኔት ዓይነትና እርሱ ደጋግሞ የሚያነሣው የሰው ልጅ ኅልውና ትርጉም ጥያቄ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የላኪዎቹን ስምም ትተናል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ» በክፍል አንብበን ስንጨርስ የተሰጠን ማጠቃለያ «ተውኔቱ የሰው ሕይወት ትርጉም እንደሌለው ያስተምራል» የሚል ነበር። ይህ ማጠቃለያ አልዋጥልኝ አለ። ሕይወት ትርጉም የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ተውኔት ለመጻፍ ለምን ይደክማል? ደግሞስ በሁለት ገቢር ውስጥ ምንም ነገር የማይሆን ከሆነ ተውኔት ያሰኘው ምንድን ነው?

መልስ፦ ማጠቃለያው ያልተዋጠልዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ለማስተማር የተጻፈ ተውኔት አንድ አሳብ ይይዛል፤ ገጸ ባሕርያቱን በዚያ አሳብ ግራና ቀኝ ያሰልፋል፤ በመጨረሻም ተመልካቹን ወደ አንድ ፍርድ ያደርሰዋል። ፈረንሳውያኑ ጸሐፊዎችና አሳቢዎች ዣን ፖል ሳርትርና አልቤር ካሙ የሕይወትን ትርጉም ማጣት በመድረክ ላይ ሲያነሡ እንኳ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነበር። የእነርሱ ገጸ ባሕርያት በሥርዓት ያስባሉ፣ በሥርዓት ይከራከራሉ፣ ዐረፍተ ነገራቸውም አይሰበርም። በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ቴአትር ስሙን የሰጠው ሃያሲ ማርቲን ኤስሊን ልዩነቱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቤኬትና ሩማንያ የተወለደው ጸሐፌ ተውኔት ዩጂን ኢዮኔስኮ ስለ ትርጉም ማጣት ክርክር አይከፍቱም፤ ከዚያ ይልቅ ንግግሩ፣ የጊዜው አካሄድና የመድረኩ ዕቃ ሁሉ ትርጉም እየከዳቸው ሲሄድ ተመልካቹ በዐይኑ እንዲያይ ያደርጋሉ። ስለዚህ ከተውኔቱ አንድ ዐረፍተ ነገር መዝዞ «ትምህርቱ ይህ ነው» ማለት ደራሲው ሆን ብሎ የተወውን ነገር በእርሱ ፋንታ ማድረግ ነው። (ኤስሊን በአንድ ስም የጠራቸው ጸሐፌ ተውኔቶች የጋራ መግለጫ ያወጡ የአንድ ማኅበር አባላት አለመሆናቸውንም በዚሁ ያስታውሱ፤ እያንዳንዳቸው ወደዚህ የመጡት በየራሳቸው ጎዳና ነው።)

አሁን ወደ ተውኔቱ እንግባ። ቭላዲሚርና ኤስትራጎን የተባሉ ሁለት ሰዎች በገጠር መንገድ ላይ፣ ከአንድ ዛፍ አጠገብ፣ ጎዶ የተባለ ሰው ይጠብቃሉ። ፖዞ የተባለ ጌታ ላኪ የተባለውን አገልጋዩን አንገቱን በገመድ አስሮ እየነዳ ያልፋል። ማምሻውን አንድ ልጅ መጥቶ፣ አቶ ጎዶ ዛሬ እንደማይመጡ፣ ነገ ግን በእርግጥ እንደሚመጡ ይናገራል። በሁለተኛው ገቢር ይኸው ሁሉ ይደገማል። አየርላንዳዊው ሃያሲ ቪቪያን መርሲየር በ1956 ይህ ተውኔት ምንም ነገር የማይሆንበት፣ ያውም ሁለት ጊዜ የማይሆንበት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አባባሉ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። በሁለተኛው ገቢር ዛፉ ጥቂት ቅጠሎች አውጥቷል፤ ፖዞ ዐይኑ ጠፍቷል፤ በመጀመሪያው ገቢር ያን የተዘበራረቀ ረጅም ንግግር ያወረደው ላኪ ዱዳ ሆኗል፤ ቭላዲሚር ለጓደኛው ከኪሱ የሚያወጣለት ካሮት አልቋል። ድግግሞሹ የተደረገው ልዩነቱ እንዲታይ ነው፤ አንዱን ምሽት ከሌላው ጋር ስናስተያይ ጊዜ እነዚህን ሰዎች እየበላቸው መሆኑን እንረዳለን።

በተለመደው ተውኔት አንድ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል፣ እንቅፋት ይገጥመዋል፣ ከዚያም ያሸንፋል ወይም ይሸነፋል። እዚህም ፍላጎት አለ፤ ጎዶ እንዲመጣ ይፈለጋል። እንቅፋትም አለ፤ ጎዶ አይመጣም። የጎደለው ሰዎቹ የጎዶን መምጣት ሊያፋጥኑበት የሚችሉበት ድርጊት ብቻ ነው። ይህ ድርጊት ከተውኔቱ ሲወጣ የሚቀረው በሌሎች ተውኔቶች ውስጥ እንደ ማዳመቂያ የሚታየው ነገር ነው፤ ጫማ ማውለቅ፣ ባርኔጣ መለዋወጥ፣ መጣላት፣ መታረቅ፣ ራስን ለመስቀል መመካከርና የሱሪ ማሰሪያው ገመድ ሲጎተት ተበጥሶ ነገሩ መቅረቱ። ቤኬት ሕይወታችን በአብዛኛው ከዚህ የተሠራ መሆኑን አይቶ፣ ዳር ላይ የነበረውን ወደ መሐል አመጣው።

በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ድርጊት አለ። በሁለተኛው ገቢር ኤስትራጎን እንቅልፍ ሲወስደው ቭላዲሚር ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግለታል፤ ከዚያም ብርዱን ለመቋቋም እጆቹን እያወናጨፈ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ስለዚህ ድርጊት ማንም ምንም አይናገርም። ሁለቱ ሰዎች ብንለያይ ይሻል ነበር እያሉ ደጋግመው ያነሣሉ፤ አይለያዩም። የተውኔቱ ታሪክ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ታሪኩ የጎዶ አለመምጣት አይደለም፤ ጎዶ በማይመጣበት ቦታ ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ጥሎ አለመሄዱ ነው እላለሁ። መጨረሻ ላይ «እንሂድ» ተባብለው አለመንቀሳቀሳቸው ብዙውን ጊዜ የተስፋ መቁረጥ ምልክት ሆኖ ይተረጎማል። እንዲህ መተረጎሙ ስሕተት ነው አልልም፤ ዳሩ ግን አብረው መቆማቸውን ትቶ አለመሄዳቸውን ብቻ የሚያይ ንባብ ጎዶሎ ነው።

ለምን ይደክማል ላሉት፣ የትርጉምን መጥፋት በትክክል ማሳየት ከማንኛውም ነገር የበለጠ ሥርዓት ይጠይቃል። ቤኬት ይህንኑ ተውኔት በ1975 በርሊን በሚገኘው የሺለር ቴአትር ራሱ ሲያዘጋጅ እያንዳንዱን እርምጃ፣ እያንዳንዱን ዝምታና እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ በማስታወሻ ደብተር መዝግቦ ነበር። ዓለም ሥርዓት አልባ ናት ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ያህል መጠንቀቁ የሚቃረን ቢመስልም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ጥንቃቄው የመጣው ለሚያሳያቸው ሰዎች ካለው አክብሮት ነው።

ጥያቄ፦ ጎዶ ማን ነው? እግዚአብሔር ነው የሚሉ አሉ፤ ሞት ነው የሚሉም ገጥመውኛል። ደራሲው ራሱ የተናገረው ነገር የለም?

መልስ፦ አለ፤ ነገር ግን የሚያሳርፍ መልስ አይደለም። ተውኔቱን በአሜሪካ ያዘጋጀው አለን ሽናይደር በጠየቀው ጊዜ፣ ቤኬት ባውቅ ኖሮ በተውኔቱ ውስጥ እናገረው ነበር ብሎ መልሶለታል። እግዚአብሔርን ማለቴ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ባልሁ ነበር ማለቱም ይታወቃል። ከእነዚህ መልሶች ይልቅ የሚጠቅምዎ ግን ተውኔቱ ባልተጠበቀ ቦታ የገጠመው ታሪክ ይመስለኛል።

በጥር 1956 በማያሚ ከተማ ሲቀርብ የአውሮፓ አስቂኝ ተውኔት እንደሆነ ተነግሮት የመጣው የመዝናኛ ተመልካች ሁለተኛው ገቢር ሳይጀመር በብዛት ጥሎ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1957፣ ኸርበርት ብላው የሚመራው የሳን ፍራንሲስኮ የተዋንያን ቡድን ይህንኑ ተውኔት በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ለ1,400 ያህል እስረኞች አቀረበ። የተመረጠው ምንም የሴት ገጸ ባሕርይ ስለሌለው ነበር። ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ሣራ በርናርድ በ1913 ከተጫወተችበት ጊዜ ወዲህ በዚያ ግቢ ተውኔት ታይቶ አያውቅም። ተዋንያኑ ፈርተው ነበር፤ የፓሪስና የለንደንን የተማረ ተመልካች ያደናገረ ሥራ በዚያ አዳራሽ ምን ይገጥመው ይሆን? እስረኞቹ ጸጥ ብለው እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ጎዶ ማን እንደሆነ ሲጠየቁም አልተቸገሩም፤ አንዱ ኅብረተሰቡ ነው አለ፣ ሌላው ከግንቡ ውጭ ያለው ዓለም ነው አለ። በእስር ቤቱ የሚያስተምር አንድ መምህር ደግሞ፣ እነዚህ ሰዎች መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ጎዶ በመጨረሻ ቢመጣ እንኳ እንደማያረካቸው ያውቃሉ ሲል ተናገረ። በዚያ ምሽት ወደ አዳራሹ እንዲገባ ያልተፈቀደለት ሪክ ክላቺ የተባለ እስረኛ ተውኔቱን በክፍሉ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ሰማው፤ ከዚያም በእስር ቤቱ ውስጥ የቴአትር ቡድን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ ከእስር ከወጣ በኋላም በራሱ በቤኬት አዘጋጅነት ተጫወተ።

ስለዚህ ለጎዶ አንድ ስም መስጠት የሚጠበቅብዎ አይመስለኝም። ተውኔቱ የሚጠይቀው በሕይወትዎ ውስጥ «እርሱ ሲመጣ ሁሉ ይስተካከላል» እያሉ የዛሬውን ቀን ያስያዙት ነገር ምን እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ አማኝም ነኝ። ይህ ቴአትር ሁለት ጦርነቶች ያደቀቁት አውሮፓ የተስፋ መቁረጥ ጩኸት ሆኖ ይታየኛል። ከዚያ ዘመንና ከዚያ ስፍራ ውጭ ላለ ሰው፣ በተለይም ፈጣሪ አለ ብሎ ለሚያምን፣ ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ ስለ ጦርነቱ ያሉት ትክክል ነው። ቤኬት በጀርመኖች በተያዘችው ፓሪስ ውስጥ በድብቅ የአርበኞች መረብ ውስጥ ሠርቷል፤ መረቡ ሲጋለጥ በ1942 ሸሽቶ በደቡብ ፈረንሳይ በሩሲዮን መንደር ጦርነቱ እስኪያልፍ ተደብቆ ኖሯል። መጠበቅንና ነገ ምን እንደሚመጣ አለማወቅን በመጽሐፍ አልተማረውም። ዩጂን ኢዮኔስኮም በ1930ዎቹ ሩማንያ ወዳጆቹ አንድ በአንድ ወደ ፋሺስቱ እንቅስቃሴ ሲገቡ አይቷል፤ ሰዎች እየተለወጡ አውራሪስ የሚሆኑበት «አውራሪስ» የተባለው የ1959 ተውኔቱ የዚያ ትዝታ ፍሬ ነው።

ዳሩ ግን ጥያቄው ከአውሮፓ ጦርነት እጅግ ይቀድማል። «ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለው ድምፅ በቅዱስ መጽሐፍዎ ውስጥ አለ፤ መክብብ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ወንዞች ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳሉ፣ ባሕሩ ግን አይሞላም ሲል፣ በሁለት ገቢር ከሚደገም ምሽት ብዙም አይርቅም። ኢዮብም የመከራውን ምክንያት ጠይቆ ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ የተሰጠው ቃል ምክንያቱን አልነገረውም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ መክብብና ኢዮብ የሚናገሩት በአንድ ሰሚ ፊት ነው። በቤኬት መድረክ ላይ ግን ሰሚው መኖሩ ራሱ አይታወቅም። ይህን ልዩነት ማለዘብ ለእርስዎም ለደራሲውም ተገቢ አይደለም። «የጨዋታው ፍጻሜ» በተባለው የ1957 ሥራው ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ለመጸለይ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሞክራሉ፤ ምንም ነገር አልመጣ ሲላቸው በምሬት ይተዉታል። አማኝ ተመልካች ይህን ሲያይ ይቈስላል፤ ቢቈስልም አይገርመኝም።

ቢሆንም ቤኬት ከእምነት ጥያቄ ርቆ የሚሄድ ጸሐፊ አይደለም። ቭላዲሚር ገና በተውኔቱ መጀመሪያ ላይ የሚያስጨንቀው ነገር ከክርስቶስ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱ ወንበዴዎች ናቸው። አንዱ መዳኑን ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ብቻ ጽፎ ሳለ ሰው ሁሉ ያንን አንዱን ለምን እንደሚያምን ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱ መዳኑ ተስፋ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ መጥፋቱ ደግሞ ፍርሃት ነው፤ ተውኔቱ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሏል። እርስዎ ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም፣ እምነት የሌለው ሰው ዝምታውን ከውስጥ እንዴት እንደሚሰማው ማወቅ ይመስለኛል። ከአርባ ደቂቃ ስብከት ይልቅ ይህን መስማት አንዳንድ ጊዜ ከሰው ጋር ያቀራርባል።

«ከዚያ ስፍራ ውጭ» ስላሉት ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። በምሥራቅ አውሮፓ ይህ ቴአትር ሌላ ሥራ ሠርቷል፤ የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ቫትስላቭ ሃቬል በ1965 በጻፈው «ማስታወሻው» ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ማንም የማይችለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ለጽሕፈት ሥራ ያውጃል፤ የፕራግ ተመልካች በዚህ ውስጥ ያየው የዓለሙን ከንቱነት ሳይሆን የሚተዳደርበትን ቢሮክራሲ ነበር። በ1993 ክረምትም የቦስኒያ ዋና ከተማ ሳራየቮ በከበባ ውስጥ ሳለች አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ «ጎዶን በመጠበቅ»ን ከከተማዪቱ ተዋንያን ጋር በሻማ ብርሃን አዘጋጀች። የቀረበው የመጀመሪያው ገቢር ብቻ ነበር፤ ቭላዲሚርና ኤስትራጎንንም በአንድ ጥንድ ፋንታ ሦስት ጥንዶች ተጫወቷቸው።

ጥያቄ፦ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ካሙንና ቤኬትን ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ የማደርገው ሁሉ ፍሬ ቢስ ሆኖ ይታየኛል። ከሺህ ዓመት በኋላ ማንም አያስታውሰኝም፤ ምድርም ራሷ አንድ ቀን አትኖርም። ማጥናትም፣ ከጓደኞቼ ጋር መቀመጥም ጣዕሙን አጥቷል። ያወቅሁት እውነት ነው ወይስ በሽታ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ነገሮች ተጣምረውበት ስላየሁ ለየብቻ ልመልስልዎ።

አንደኛው ክርክሩ ነው። «ከሺህ ዓመት በኋላ ምንም አይቀርም፤ ስለዚህ ዛሬ የማደርገው ዋጋ የለውም» የሚለው አነጋገር ጠንካራ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይቆምም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል በ1971 ባወጣው ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ ዛሬ የምናደርገው ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ግድ የማይሰጥ ከሆነ፣ በዚያው ሚዛን ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ግድ አለመስጠቱም ዛሬ ግድ ሊሰጠን አይገባም። ደግሞ ነገሩን ገልብጠው ይመልከቱት፤ ዘላለማዊነት ትርጉም የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ በግሪክ አፈ ታሪክ በአማልክት ተቀጥቶ ድንጋይ ወደ ተራራ አናት ለዘላለም የሚገፋው ሲሲፈስ ከሁሉ የበለጠ ትርጉም ያለው ሕይወት በኖረ ነበር። ቅጣቱ ግን አለማለቁ ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቅዎ የዕድሜ ማጠር ወይም የምድር ማለፍ አይመስለኝም። ኔግል ምንጩን ያየው በሰው አእምሮ ጠባይ ውስጥ ነው፤ ሰው ሕይወቱን በሙሉ ልቡ ይይዛል፤ ያው ሰው ግን ከራሱ ወጥቶ፣ ያንን በሙሉ ልቡ የያዘውን ነገር ከሩቅ ሊያየውና ምክንያቱን ሊጠራጠር ይችላል። ሁለቱ እይታዎች አይታረቁም። እርስዎ አሁን በሩቁ እይታ ላይ ብቻ ቆመዋል።

ካሙም ቢሆን በ1942 ባሳተመው «የሲሲፈስ አፈ ታሪክ» ዓለም ትርጉም የላትም ብሎ አላቆመም። ለእርሱ ወለፈንዱ በሰው ውስጥ ብቻ ወይም በዓለም ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ የሰው ጥሪና የዓለም ዝምታ ሲጋጠሙ የሚፈጠር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ራስን ማጥፋት መልስ እንዳልሆነ ይከራከራል፤ ከሁለቱ ወገኖች አንዱን ማስወገድ ጥያቄውን አይፈታውምና። የካሙ መደምደሚያ ሲሲፈስን ደስተኛ አድርገን ማሰብ አለብን የሚል ነው። በግልጽ ለመናገር ይህ መደምደሚያ ለእኔ ብቻውን በቂ ሆኖ አያውቅም፤ ሲሲፈስ ከአለቱ በቀር የሚያነጋግረው የለምና። ካሙ ራሱ በ1947 ባወጣው «ወረርሽኙ» ልቦለድ ከዚህ አልፏል፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪሙ ሪዩ በሽታውን እንደማያሸንፈው እያወቀ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሕሙማኑን ያክማል። ከላይ ባነሣናቸው የቤኬት ተውኔቶችም ሰዎቹ ብቻቸውን አይደሉም። በ«የጨዋታው ፍጻሜ» ሃም መቆም አይችልም፣ ክሎቭ መቀመጥ አይችልም፤ ይጣላሉ፣ ይማረራሉ፣ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እነዚህን መጻሕፍት ብቻዎን አንብበዋቸው ከሆነ፣ በውስጣቸው ያሉት ሰዎች ግን ብቻቸውን እንዳልሆኑ ልብ እንዲሉ እለምንዎታለሁ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። አንድ አሳብ እውነት መሆኑ ወይም አለመሆኑ የሚመዘነው በማስረጃው ነው፤ የጓደኛ ጨዋታ ጣዕም ማጣት ግን ከማስረጃ የሚመጣ ነገር አይደለም። ቤኬት ራሱ ስለ ባዶነት እየጻፈ ከወዳጆቹ ጋር ሙዚቃ ይሰማ፣ ክሪኬት ይወድ፣ ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። አሳቡ ብቻውን ይህን ሁሉ አይወስድም። ጣዕም ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ ከተዛባ፣ ድካም ከተጫነዎ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ደግሞ የተማረ ሰው ሲይዘው በፍልስፍና ቋንቋ መናገር ይችላል፤ በሽታ መሆኑንም ያስረሳል። ሕክምና አለው፤ ብዙ ሰዎችም ይድኑበታል። ስለዚህ ለሚያምኑት አንድ ሰው ዛሬውኑ እንዲነግሩት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያም እንዲያዩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የሞት አሳብ ከመጣብዎ ብቻዎን አይሁኑ፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ቤኬትና ካሙ ሲሻልዎ ይጠብቁዎታል፤ ያን ጊዜ ሌላ መጽሐፍ ሆነው ነው የሚያገኟቸው።

ጥያቄ፦ የአማተር ቴአትር ክበብ አባላት ነን። ከዚህ ዓይነት ተውኔቶች አንዱን ለመድረክ ማብቃት እንፈልጋለን፤ በየትኛው ብንጀምር ይሻላል? በትወናውስ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ በኢዮኔስኮ «መላጣዋ ዘፋኝ» ጀምሩ። አጭር ናት፤ ብዙ ዕቃ አትጠይቅም፤ ስድስት ተዋንያን ይበቋታል። ኢዮኔስኮ አሳቧን ያገኘው እንግሊዝኛ ለመማር ከገዛው መጽሐፍ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ባልና ሚስት ጣሪያው ከላይ፣ ወለሉ ከታች መሆኑን በሙሉ ክብደት ሲነጋገሩ አግኝቶ፣ ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ምንም የማይናገር መሆኑ አስደነገጠው። ተውኔቷ ግንቦት 11 ቀን 1950 በኒኮላ ባታይ አዘጋጅነት በፓሪስ ኖክታምቡል ቴአትር ስትቀርብ የመጣው ተመልካች ጥቂት ነበር፤ በዚያው ከተማ በሚገኘው ትንሹ የዩሼት ቴአትር ግን ከ1957 ጀምሮ «ትምህርቱ» ከተባለው ሌላ ሥራው ጋር ስትታይ ኖራለች።

ዋናው ጥንቃቄ ይህ ነው፤ ለማሣቅ አትጫወቱ። የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን በፌዝ ሊጫወቷት ሞክረው አልሠራላቸውም፤ የመረጡት በኋላ ፍጹም ቁም ነገር አድርጎ መጫወትን ነው። አቶ ማርቲንና ባለቤቱ የተባሉት ገጸ ባሕርያት እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተቀምጠው፣ በአንድ ባቡር መምጣታቸውን፣ በአንድ ቤት መኖራቸውን፣ በአንድ አልጋ መተኛታቸውን ቀስ በቀስ እየደረሱበት ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያውቁበትን ትዕይንት ውሰዱ። ተዋናዩ ለተመልካቹ ቢጠቅስ ትዕይንቱ ይሞታል። ከልቡ ቢደነቅ ግን ሣቁ ይመጣል፤ ከሣቁ በኋላም አብሮ የሚኖርን ሰው አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ይሰማል።

ቤኬትን ለመሥራት ከደፈራችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ወራሾቹ የመድረክ መመሪያዎቹ እንዳይለወጡ በጥብቅ ይከታተላሉ። በልምምድ ጊዜ ዝምታዎቹን ከቃለ ተውኔቱ እኩል አጥኗቸው። በጽሑፉ ላይ «ዝምታ» የተባለበት ስፍራ ተዋናዩ ቀጣዩን ቃል የሚያስታውስበት ፋታ አይደለም፤ ገጸ ባሕርዩ ሊናገር ፈልጎ ያጣው ነገር ያለበት ስፍራ ነው። እያንዳንዱ ተዋናይ በእያንዳንዱ ዝምታ ውስጥ ያጣውን ነገር ለራሱ ይወስን፤ ለጓደኞቹም አይንገራቸው።